ቆላ የጸና እግር ደጋ ሲወጣ

ሥራ ያቆምኩት መተማ ነው፤ ከሱዳን የሚመለሱ ሰዎች በሚያርፉበት ድንኳን ውስጥ። ደብዳቤ የጻፈልኝም ግብዣ ያደረገልኝም የለም። ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝና ተንበርክኬ የሰው እግር መያዝ ስላቃተኝ፣ አንድ ቀን አለቃዬን "ከዚህ በኋላ አልችልም" አልኩት። "እኔም ሳይሽ ነበር" አለኝና በዚሁ አበቃ። ጡረታ የሚባል ነገር የለኝም፤ በሁለት አገር የሠራ ሰው በአንዱም አይቆጠርም። ይህን የምጽፈው ግን ስለዚያ አይደለም። ስለ አያ ይርጋ ልጽፍ ነው። እሳቸው ዘንድ ለመድረስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ሥራዬ ወድቆ የተሰበረ፣ ግማሽ ጎኑ የሞተበት፣ ወይም በእርጅና እግሩ የከዳው ሰው ዳግም እንዲቆምና እንዲራመድ መርዳት ነበር። ፊዚዮቴራፒ ይሉታል። ገዳሪፍ ውስጥ "ዶክቶራ" ነበር የሚሉኝ፤ ዶክተር አይደለሁም ብሎ መከራከሩን ቶሎ ተውኩት።

ተወላጅነቴ ጎንደር ነው። በደርግ ጊዜ፣ ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ በመተማ በኩል በእግሬ ወጥቼ ገዳሪፍ ገባሁ። አንድ ክሊኒክ በጽዳት ተቀጠርኩ። ከክሊኒኩ ጀርባ አሸዋማ ግቢ ያለው ሰፊ ክፍል ነበር፤ ኡስታዝ በሺር የሚባሉ ሰው እግር የሚያሠሩበት። የእኛ አገር ሰዎች፣ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ የመጡ የቀን ሠራተኞች፣ ታመው ሲመጡ ዐረብኛ አያውቁምና እኔን ከመጥረጊያዬ ላይ ይጠሩኛል። ስተረጉም የታማሚውን ክርን ይዤ እንደምቆም ኡስታዝ በሺር አዩ። "ማን አስተማረሽ?" አሉኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ እንዳይወድቅ ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው አሰጡልኝ። ኋላም ካርቱም ልከው አስተማሩኝ።

ኡስታዝ በሺር ትውልዳቸው ከአባይ ዳር ነው። አገራቸው ለግድብ ውኃ ሲለቀቅ ቤተሰቡ ከነዘር ማንዘሩ ተነቅሎ ኸሽም ኤል ቂርባ ሰፈረ። አባታቸው በአዲሱ ቤት በገቡ ሰሞን ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በሩ በድሮው ቤታቸው በነበረበት በኩል አልነበረም፤ ሰውየው በለመዱበት ዞረው ግድግዳ መቱ። ኡስታዝ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አይለወጥም፤ ግን ማንኛውንም ታማሚ መጀመሪያ የሚጠይቁት "የት ያምሃል?" ብለው አልነበረም። "መኝታህ ከፍታው ስንት ነው? ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው? መንገዱ ላይ ደረጃ አለ?" ነበር የሚሉት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጫማቸውን ሳያወልቁ የሰው እግር አይነኩም። ታማሚ ሲያራምዱ ከኋላው ሆነው ሁለት እጃቸውን ከወገቡ ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ፤ አይነኩትም፣ አይርቁትምም። በእንቅስቃሴ መካከል "ጎበዝ" ማለት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ደህና ስትራመድ ደስ ብሎኝ "ጎበዝ እማማ" ስል፣ ዞር ብላ ልታየኝ ስትል ተንገዳገደችና ኡስታዝ ቀለቧት። አልተቆጡኝም። "የተመሰገነ ሰው ያመሰገነውን ያያል። ተቀምጣ አመስግኛት" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ሳይቀመጥ አመስግኜ አላውቅም።

ስለ ከፍታም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በጎልማሳነታቸው ከከሰላ ተነሥተው አስመራ ዘመድ ሊጠይቁ ሄዱ። በማግስቱ ከአንድ ቤት ደረጃ ሲወርዱ እንደ ሰካራም አደረጋቸው። እሳቸው ግን መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። ክፍላቸው ገብተው ጫማቸውን አወለቁ፤ እግራቸውን ገጥመው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ቆላ ላይ እንደ ግንድ የሚያቆማቸው ነገር እዚያ ወዲያና ወዲህ አወዛወዛቸው። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሽማግሌ ባገኙ ቁጥር "ደጋው እንዴት አደረገህ?" ሳይሉ አይለቁም ነበር።

እንዲህ አስረዱኝ። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሦስት ነገር ነው። ዓይኑ ዙሪያውን ያያል፤ በውስጠኛው ጆሮው ያለው ስሜት ራሱ ወዴት እንዳዘነበለ ይነግረዋል፤ ውስጥ እግሩ መሬቱን ያውቃል። አንጎል የሦስቱን ወሬ ሰምቶ ጡንቻውን ያዛል። ስናረጅ ሦስቱም ይደክማሉ፤ አንዱ ሲደክም ግን ሌላው ይደግፈዋል። ከፍ ያለ አገር አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅን ያንሳል። ያኔ አንጎል ወሬውን ለማመዛዘን ይዘገያል፣ ዓይን በተለይ ደብዛዛ ቤት ውስጥ ይሰንፋል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ሲነሡ ራስ ይዞራል። ወጣት ሳያውቀው ያልፈዋል። ሽማግሌ ግን ቀድሞም በአፋፉ ላይ ነው የቆመው። ሰውነት ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ አደጋው እስኪለምድ ባለው ጊዜ ነው። "ስለዚህ ሽማግሌ ተራራ ሲወጣ" አሉኝ፣ "ሹዋያ ሹዋያ። ዝግ እያለ፣ መሀል ላይ እያደረ።"

በዚህ ትምህርት ዕድሜዬን ሠራሁ። ኸሽም ኤል ቂርባ ተመድቤ የግድቡን ቦይ ሲጠርጉ ወገባቸው የተሰበረ ሰዎችን አሠራሁ። መፋዛ ሳለሁ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር እንደ ሙጫ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ አዛውንት ሁሉ በራሃድ ወንዝ ዳር ሲወድቅ ይከርማል። እዚያ የነበረው አለቃዬ "ሽማግሌ ቆሞ ምን ይሠራል? ለወጣቱ ጊዜሽን ስጪ" ይለኝ ነበር። እሱ ቤቱ ሲሄድ ሽማግሌዎቼን እጠራለሁ። ኋላ የትግራይ ሰዎች በጦርነት ተሰደው ሲመጡ ከካምፕ ካምፕ እየዞርኩ፣ በሣር ዳስ ሥር፣ አሮጊቶችን በክብ እያቆምኩ አሠራሁ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። እግሬ አገሬ ያደርሰኛል ወይ?

አያ ይርጋ ደግሞ ከእነሱ ሁሉ ቀድመው የመጡ ናቸው። የደባርቅ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ለአንድ የአጨዳ ወራት ብለው ገላባትን ተሻገሩና በዚያው ቀሩ። ገዳሪፍ አገቡ፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ ወለዱ፣ ሚስታቸውን እዚያው ቀበሩ። ወደ እኔ የመጡት ሰሊጥ ከጫነ ሎሪ ላይ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ፣ ድኖ ካጠረ በኋላ ነው። ስኳርም ነበረባቸው፤ ውስጥ እግራቸው መሬቱን በደንብ አያውቀውም። ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለአጭሩ እግራቸው ጫማቸውን በጨርቅ ደራርባ ከፍ አደረገችላቸው። በየሳምንቱ ደግፋ ታመጣቸዋለች።

መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ እኅታቸው ነበር።

"አንድ ታላቅ እኅት አለችኝ፣ ማሬ ትባላለች" አሉኝ። "አባታችን ሲሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለሰሊጥ ስወርድ እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኘችኝ። ለመስቀል እመለሳለሁ ብያት ነበር። አሁንም በሕይወት አለች ይላሉ።"

"ታዲያ ከእኔ ምን ይፈልጋሉ አያ?"

"በእግሬ እንድገባ። በቃሬዛ ሄጄ አላስለቅሳትም።"

ረጅም ጊዜ ሠራን። መጀመሪያ ግድግዳ ይዘው፣ ቀጥሎ የወንበር መደገፊያ፣ ቀጥሎ የኔን ሁለት ጣቶች፣ ኋላ ምንም ሳይዙ። የሚሰማውን እግር የማይሰማውን እንዲያስተምር አደረግን። ትርንጎ ማታ ማታ ቤት ታለማምዳቸዋለች። በመጨረሻ አሸዋው ላይ በባዶ እግር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆሙ ጀመር። አዳዲስ ታማሚዎች ተስፋ ሲቆርጡ አያ ይርጋን ጠርቼ አሳያቸዋለሁ። እሳቸውም ይህን ወደዱት፤ ተራቸው ባልሆነ ቀንም እየመጡ ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር።

"እንግዲህ ጸንቶልኛል" አሉኝ አንድ ቀን።

"ቆላ ላይ ጸንቶልዎታል። ደጋው ሌላ ነው።"

"አስካል፣ እኔ እኮ የደጋ ልጅ ነኝ። ውርጭ ላይ ነው የሮጥኩት።"

"ልጅ ሳሉ ነዋ። ሰውነትዎ ደጋን ረስቶታል።"

ሳቁ። "ሰውነቴ ይርሳ፤ እኔ አልረሳሁም" አሉ።

ከዚያ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ገዳሪፍ መጀመሪያ የተፈናቃይ መጠጊያ ሆነች፤ በየትምህርት ቤቱ ሰው ሞላ። ኋላ ውጊያው ወደ እኛ እየቀረበ ነው ሲባል የመጣውም የነበረውም መሸሽ ጀመረ። መድኃኒት ጠፋ። የኔ ክፍል ለቁስለኛ ተፈለገና መወጣጫዎቼንና መደገፊያዎቼን ግቢ አወጡልኝ፤ ማገዶ ያጣ ሰው ወሰዳቸው።

ኡስታዝ በሺር በዚያን ጊዜ አርጅተው ቤት ውለዋል። ልሰናበት ሄድኩ። "አብረን እንሂድ" አልኳቸው። "አንድ ጊዜ ተነቅያለሁ፤ ይበቃኛል" አሉኝ። እስከ በር ሊሸኙኝ ሲነሡ እኔ ከኋላቸው ሆኜ እጄን ዘረጋሁ። ከወራት በኋላ ስልካቸው አልሠራ አለ። እሳቸውም ስኳር ነበረባቸው፤ ኢንሱሊን አጥተው እንደሞቱ የሰማሁት መተማ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከማላውቀው መንገደኛ አፍ ነው።

አያ ይርጋ፣ ትርንጎና እኔ በአንድ ሎሪ ገላባት ደረስን። ድንበሩን በእግር ተሻገርን። አያ ይርጋ ማንንም ሳይዙ ነው የተራመዱት፤ ዱላቸውን እንኳ ትርንጎ ነበረች የያዘችላቸው። ማዶ ሲደርሱ ቆመው አማተቡ። እኔ መተማ ሥራ አገኘሁና ቀረሁ። ለእነሱ ግን አስቀድመን የመከርነው ነገር ነበር። ጎንደር ከእኅቴ ልጅ ቤት ይቀመጣሉ፤ ወይና ደጋው ላይ ሰውነታቸው ለመድ ሲያደርግ ወደ ደባርቅ ይወጣሉ። አያ ይርጋም እሺ ብለው ነበር።

ጎንደር በገቡ በማግስቱ ትርንጎ ደወለች።

"ኻልቲ" አለችኝ፤ እንደ ሱዳን ልማድ አክስቴ ማለቷ ነው፤ አባቷንም አቡይ ነው የምትላቸው። "ወደ ደባርቅ የሚሄድ መኪና አሁን ሊነሣ ነው። ከነገ ጀምሮ መንገዱ ይዘጋል ይላሉ፤ ተኩስ አለ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። አቡይ እንሂድ ይላል። ምን ላድርግ?"

"እሳቸው እንዴት ናቸው?"

"ደህና ነው። ቁጭ ብሎ መኪናውን እያየ ነው።"

እኅታቸው በጣም አርጅተዋል፤ መንገዱ ከተዘጋ ለወራት ሊሆን ይችላል። ጎንደርም ያኔ ሰላም አልነበረም። በዚያች ሰዓት የማስበውን ሁሉ አሰብኩና "ሂዱ" አልኳት። ከዚያ ስልኩ እስኪቋረጥ ድረስ ነገርኳት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይቀመጡ። ከመነሣታቸው በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ሆነው ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። ብቻቸውን አይውጡ። ቤቱ ውስጥ መብራት ይኑር። ውኃ ይጠጡ። ሁሉንም እየደገመች ያዘች።

ሁሉንም አደረገችው። ይህን ራሴ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ የቀረ ነገር አላገኘሁም።

ደባርቅ ከአንድ ዘመዳቸው ቤት አረፉ። እትዬ ማሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው የሚኖሩት፤ መልእክት ተላከባቸው። አያ ይርጋ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ልክ ሊያሸልቡ ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ይባንናሉ። ጠዋት ራሳቸው ከበዳቸው። ትርንጎ ከመደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ጋቢ ደረበችላቸው፤ አጠገባቸው ሆና ክንዳቸውን ያዘች። ረፋዱ ላይ እትዬ ማሬ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ደረሱ። በበሩ ብርሃን ውስጥ ቆሙ።

የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ታላቅ ሲገባ ታናሽ ተቀምጦ አይቀበልም። ብድግ ይላል፣ "ኖር" ይላል፣ የገባው ሰው "በእግዜር" ብሎ ይመልሳል። አያ ይርጋ ተነሡ። ትርንጎ ክንዳቸውን አጥብቃ ስትይዝ ቀስ ብለው አስለቀቋት። ሰው ይዞኝ እያየችኝ አይሆንም ማለታቸው ነበር። "ኖር" አሉ። እትዬ ማሬ "በእግዜር፣ ወንድም ዓለሜ" አሉ። ቃሉ ሳያልቅ አያ ይርጋ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመሩ። ትርንጎ ስትነግረኝ "ኻልቲ፣ መውደቁን አላወቀም፤ ፊቱ ፈገግ እንዳለ ነበር የሄደው" አለችኝ። ከመደቡ አጠገብ ባለው የወፍጮ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ወደቁ። የተሰበረው በደህናው እግራቸው በኩል ያለው ዳሌ ነው።

መንገዱ እንደተባለው ተዘግቶ ነበርና ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚያወርዳቸው አልተገኘም። የአካባቢው ሐኪሞች ያላቸውን አደረጉ፤ ማስታገሻ ሰጡ፣ እግራቸውን አሰሩ። እኔ መውጣት የቻልኩት መንገዱ ለትንሽ ጊዜ ሲከፈት ነው።

ደባርቅ ስደርስ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ያረፍኩበት ቤት ጥቂት ደረጃ ነበረው፤ በሦስተኛው ላይ ቆሜ ግድግዳ ፈለግኩ። ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩ። እግሬን ገጥሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለስንት ሰው ያዘዝኩት ነገር ነው። ወለሉ ከሥሬ የሚሸሽ መሰለኝ፤ አልጋውን ባልይዝ እወድቅ ነበር። ዕድሜ ልኬን በአፌ ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር ሰውነቴ ያን ቀን አወቀው። ጥቅሙ ግን አልፎ ነበር።

አያ ይርጋ ተኝተዋል። ጀርባቸው መቁሰል ጀምሯል፤ ደረታቸው ያፏጫል። እትዬ ማሬ ከራስጌ ተቀምጠው እጃቸውን ይዘዋል። ትንሽ አገላበጥኳቸው፣ ትከሻቸውን ደግፌ ጥልቅ ትንፋሽ ለማስወሰድ ሞከርኩ፤ የማደርገው ይኸው ብቻ ነበር።

"አስካል" አሉኝ፣ "ቆሜ ነው የተቀበልኳት አይደል?"

"ቆመው ነው የተቀበሏቸው አያ።"

"ማንም አልያዘኝም።"

"ማንም አልያዘዎትም።"

ትርንጎ ተነሥታ ወጣች። ቀን ሙሉ ወደ ቤቱ አልገባችም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሳንባቸው ሞልቶ አረፉ። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ሲበተን እትዬ ማሬ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ዓይናቸው በደንብ አያይም፤ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ነው የሚያናግሩኝ።

"ልጄ፣ አንቺ ይህን ሥራ ታውቂዋለሽ አሉ። ብመጣስ ብሎ ሲያስብ 'ቅር' ብትሉት ይሻል ነበር? እዚያው በቆላው ቢኖርልኝ?"

እዚያው ቢኖሩ ጦርነቱ ነበር፤ መድኃኒት አልነበረም፤ ኡስታዝ በሺር እንዴት እንደሞቱ አውቃለሁ። ቀስ ብለው ይወጡ እንደሆነ መንገዱ አልቆየላቸውም። ተቀምጠው ይቀበሏቸው እንደሆነ ደግሞ ተቀምጠው ሊቀበሉ አይደለም ያን ሁሉ ዘመን እግራቸውን ያጸኑት። በየትኛውም በኩል ብሄድ መውጫ አላገኘሁለትም።

"አላውቅም እትዬ" አልኳቸው።

"እኔም አላውቅም" አሉ። "ባይነሣልኝ ኖሮ ይከፋኝ ነበር። አሁን ደግሞ በመነሣቱ ተቃጠልኩ።"

ትርንጎን ይዤ መተማ ወረድኩ። ከኔ ጋር በአንድ ክፍል ኖረች። የስፌት ሥራ ስትፈልግ ቆየች፤ መኪና የለም፣ ጨርቅ የለም። ገበያ ስትወጣ በዐረብኛ ትጀምርና ሰዎች ሲያዩዋት ታቋርጠዋለች። ሌሊት ሌሊት አባቷ ክንዳቸውን ሲያስለቅቋት ታያለች። አንድ ጠዋት ልብሷን አጥፋ አገኘኋት።

"ገዳሪፍ እመለሳለሁ ኻልቲ።"

"ጦርነት አለ እኮ ልጄ።"

"እዚህስ የለም? እዚያ ቢያንስ የእናቴ መቃብር አለ፤ ሰፈሩን አውቀዋለሁ። ደጋው የአቡይ ነበር። የኔ አይደለም። ኻላስ፣ በቃኝ፣ ደከመኝ።"

እስከ ድንበሩ ሸኘኋት። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ሲመጣ እሷ ብቻዋን ወደዚያ ሄደች። ገላባት ስትገባ ደወለችልኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

ሥራ ያቆምኩት በዚያው ሰሞን ነው። ድንኳኑ ውስጥ እያለሁ ለሚመጡት አዛውንቶች ያንኑ እነግራቸው ነበር። መሀል ላይ እደሩ፣ ቶሎ አትነሡ፣ መብራት ይኑር እላለሁ። እሺ ይሉኛል። ከዚያ የተገኘችው መኪና ላይ ይወጣሉ። መኪናዋ መሀል ላይ አታድርም።

አሁን ጎንደር ከእኅቴ ልጅ ጋር እኖራለሁ። ኔትዎርክ ሲኖር እትዬ ማሬ በልጅ ልጃቸው ስልክ ይደውሉልኛል። መጀመሪያ የሚሉኝ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ልጅቱስ? የወንድሜ ልጅ ደህና ናት?"

"ደህና ናት እትዬ፤ ሰላም ብላዎታለች" እላቸዋለሁ።

"ተመስገን" ይላሉ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የትርንጎን ቁጥር እሞክራለሁ። አይጠራም።